ፓዌ ሲሰፈር ያልተጠየቀው ጥያቄ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በጤና ጣቢያ የምትሠሩ ልጆች «መምህር፣ ይሄ በየሳምንቱ የምንሞላው ሪፖርት ለማን ነው የሚጠቅመው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱን በፓዌ ታሪክ ልሞክር። ጥናቶቹ የታተሙት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ዓመቶቹን በዚያው ነው የምጽፈው።

የደጋ ሰው ቆላን ድሮም ያውቀዋል። ወርዶ ያርሳል፣ ያጭዳል፤ ሲመሽ ግን ወደ ደጋው ይመለሳል። የወባ ትንኝ የምትነድፈው በሌሊት መሆኑን ማንም በማይክሮስኮፕ ሳያሳየው በልምድ የደረሰበት ነገር ነው። ሳይንሱም ዘግይቶ አልቀረም። በ1953 ደምቢያ ላይ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት የጤና መኮንንነት ሙያም የተጀመረው እዚያ ነው።

ከዚያ የ1958ቱ መጣ። ፎንቴንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1961 ባሳተሙት ጥናት በዚያ አንድ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ገምተዋል። በጣም የተጎዳው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ነበር። ለምን? ዓመቱን ሙሉ ወባ ባለበት አገር ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ ከተረፈ ሰውነቱ ከፊል መከላከያ ያበጃል። ደገኛው ይሄ የለውም። ሕፃኑም ጎልማሳውም ይወድቃል፤ ነፍሰ ጡሯማ ይብስባታል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ታውቋል፣ ታትሟል። የወባ መከላከያ መሥሪያ ቤትም ከተቋቋመ ቆይቷል።

በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ግን ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌላም ቦታ ሰው እየተጫነ ወደ መተከል ወረደ። በበለስ ሸለቆ፣ ከ1,000 እስከ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ከ80,000 በላይ ሰው ሰፈረ። መንደሮቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ በቁጥር ነበር የሚጠሩት። «መንደር 7»፣ «መንደር 14» እየተባለ፣ እስከ ዛሬም የሚጠሩበት አለ። እነዚህ ሰዎች በረሃብ የደከሙ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ወባን በሰውነታቸው የማያውቁ ደገኞች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሞት ከባድ እንደነበር በኋላ የመጡ አጥኚዎች ጽፈውታል። ሄልሙት ክሎስ በ1990 የሰፈራን የጤና ጉዳይ ለብቻው አጥንቶ አሳትሟል፤ ወልደሥላሴ አቡቴም በ2004 የመተከልን ሰፋሪዎችና ጉሙዞችን ጎን ለጎን አጥንቷል። የፓዌ ሆስፒታል የተሠራውም ሰው ከሰፈረ በኋላ፣ በጣሊያን ገንዘብ በተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ነው። በርካታ ነፍስ አድኗል፤ እሱን ማንም አይክድም። ቅደም ተከተሉን ግን እዩት፤ ሰው ቀደመ፣ ሐኪም ቤት ተከተለ፣ ጥናት መጨረሻ መጣ።

«ይህ ሕዝብ እዚህ ቢያድር ምን ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ አዲስ ምርምር አያስፈልግም ነበር። የ1958ቱ ይበቃ ነበር። የጉሙዙም ጥያቄ አለ። ጫካው ተመንጥሮ፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት መሬት ሲወሰድበት የእሱስ ጤና ምን ይሆናል? ይሄም አብሮ መጠየቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ሪፖርታችሁ ልመለስ። እናንተ ዛሬ ለፋልሲፓረም ታካሚ ኮአርተም ትሰጣላችሁ። አባቶቻችሁ የዋጡት ክሎሮኪን ነበር። ማን ቀየረው? ታካሚውን መድኃኒቱን አይናቸው እያየ አስውጠው፣ በተወሰኑ ቀናት እስከ 28ኛው ቀን እየጠሩ ከጣቱ ደም የወሰዱ ባለሙያዎች ናቸው። ተባዩ ከደሙ ካልጠፋ ወይም ጠፍቶ ከተመለሰ መድኃኒቱ እየከዳ ነው ማለት ነው። በዚህ መንገድ ክሎሮኪን መክዳቱ ታወቀና በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋንሲዳር ተተካ። በ2003 ደግሞ በ11 ቦታዎች ሲታይ ፋንሲዳሩም ከሦስት ታካሚ ከአንድ በላይ ላይ አልሠራም። በ2004 ኮአርተም ገባ። 28ኛው ቀን ላይ «ድኛለሁ፣ ምን አመላለሰኝ» ሳይል የመጣው ገበሬም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢ ከ12,000 በላይ ሰው ተመርምሮ ነበር። ፈጣን መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚያስገኘው ዘረመል የጠፋበት ፋልሲፓረም ተገኘ። ግምቱ ምን ያሳያል? በበሽታው ከተያዙ 10 ሰዎች አንዱን ያህል መመርመሪያው «ወባ የለብህም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። አማራ ክልል ደግሞ ከመተከል ጋር ይጎራበታል፤ ተባዩ የክልል ወሰን አያውቅም። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በሀገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ታካሚው ያተኩሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መመርመሪያው ግን ነጋቲቭ አለ እንበል። ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ስላይድ ሥሩለት። ያገኛችሁትን ልክ እንዳያችሁት ጻፉ፤ የአለፈውን ሳምንት ቁጥር አትገልብጡ። አሮጌ መዝገብም ቦታ ያዘ ብላችሁ አታቃጥሉ። አንድ ቀን ሌላ ሕዝብ ወደ ሌላ ቆላ ይወርዳል፤ ለእርሻ፣ ለወርቅ ወይም በጦርነት ተፈናቅሎ። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ መልሱ እናንተ መዝገብ ላይ መገኘት አለበት።

ፓዌ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ወላጆቻችሁ ስለዚያ የመጀመሪያ ክረምት ምን ይሏችሁ ነበር? እዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ እማማና አባባ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።