አውጪና ተቀባይ በሳን ፍራንሲስኮ የኅብረት ውዝዋዜ

የሕዝብን ልማድ ታሪክ የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው መጀመሪያውን በማጣት ነው። አንድ ጭፈራ በማን ዘመንና በየትኛው መንደር እንደ ተጀመረ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ «ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» የሚል ብቻ ይሆናል። ከዚህ በታች የምንመለከተው ውዝዋዜ ግን ዕድሜው ከአንድ ሰው ዕድሜ የማያልፍ፣ የጀመሩትም ሰዎች ስማቸው የታወቀ ስለ ሆነ፣ አንድ ልማድ እንዴት እንደሚወለድና እንዴትስ ጥንታዊ መስሎ እንደሚታይ ለመመርመር የተመቸ ነው። ይኸውም በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የተጀመረው፣ ሴቶች በኅብረት ሆነው፣ አስቀድሞ ሳይቀነባበር፣ ከመካከላቸው አንዲቱን እየተከተሉ የሚወዛወዙት የሆድ ውዝዋዜ፣ ወይም በተለመደው ስሙ ቤሊ ዳንስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሆድ ውዝዋዜ የሚለው ስም በአሜሪካ የተሰማው በተለይ በ1893 በቺካጎ ከተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ወዲህ ነው። ዓረቦች ራሳቸው «ራቅስ ሻርቂ»፣ ማለት የምሥራቅ ውዝዋዜ ይሉታል። በካይሮ የመድረክ ቅርጹን እንዲይዝ ካደረጉት ሰዎች አንዲቱ በ1926 የጭፈራ ቤታቸውን የከፈቱት ወይዘሮ ባዲያ ማሳብኒ ናቸው፤ ታሒያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማልም ስም ያወጡት በዚያው ቤት ነው። በካይሮው ውዝዋዜ የሚደነቀው አንዲት ሴት ብቻዋን ስትጫወት ነው። እርሷም በልቧ የመጣላትን ብትጨምር፣ ምልክቱ የሚመላለሰው በእርሷና በከበሮ መቺው መካከል ነው። ዳሌዋ ከበሮውን ይጠራል፤ ከበሮውም ይመልስላታል። ከኋላ የሚያጅቧት ሴቶች ቢኖሩም እንኳ ከእነርሱ ጋር አትመካከርም።

ይህ ንግግር ከከበሮ መቺው ተነሥቶ ወደ ተወዛዋዦቹ መካከል የገባው በካሊፎርኒያ ነው። የመጀመሪያውን መሠረት የጣሉት ወይዘሮ ጀሚላ ሳሊምፑር (1926 እስከ 2017) ናቸው። እርሳቸው በ1968 «ባል አናት» የተባለውን ቡድን አቋቁመው፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ በሚደረገው የጥንት ዘመን ገበያን በሚያስመስል በዓል ላይ አቀረቡት። ተወዛዋዦቹ በግማሽ ክብ ቆመው ሲያጅቡ፣ ከመካከላቸው በየተራ እባብ የያዘች፣ ሰይፍ በራሷ ላይ ያቆመች፣ እንስራ የተሸከመች ትወጣ ነበር። ተመልካቹ ከአንድ የምሥራቅ አገር መንደር የመጣ ሥርዐት ያየ ይመስለው ነበር። ወይዘሮ ጀሚላ ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ፈጠራ እንደ ሆነ አልሸሸጉም። ከዚህ ይልቅ ዘላቂ የሆነው ሥራቸው ለእርምጃዎቹ ስም መስጠታቸው ነው፤ ስም የሌለውን እርምጃ ማዘዝም ማስተማርም አይቻልምና።

ከተማሪዎቻቸው አንዲቱ ሠዓሊዋ ማሻ አርቸር በ1970ዎቹ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። እርሳቸው የሚያሳስባቸው አለባበሱ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን ለዓይን ያማረና ክብር ያለው መሆኑ ነበር። ስለዚህ ጥምጥሙን፣ ቾሊ የሚባለውን የህንድ አጭር ሸሚዝ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተገዛውን የብር ጌጥ በአንድ ገላ ላይ አዋሐዱት። በ1974 ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው ወደዚህ ቡድን የገቡት ወይዘሮ ካሮሊና ኔሪቺዮ፣ ቡድኑ ከተበተነ በኋላ በ1987 ራሳቸው ማስተማር ጀመሩ፤ የእርሳቸውም ቡድን «ፋት ቻንስ ቤሊዳንስ» ተባለ። ስሙ ቀልድ ነው፤ ለብቻችን ጨፍሩልን ለሚሉ ወንዶች የሚሰጥ፣ በእኛ ቋንቋ «አይታሰብም!» እንደ ማለት ያለ መልስ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች በሰውነታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ወጣቶች ነበሩ፤ በንቅሳት ትርኢቶች ላይም ይወዛወዙ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቋንቋችን ዘፈኑን የሚመራው «አውጪ»፣ የሚመልሱለት «ተቀባዮች» ስለሚባሉ፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በእነዚህ ቃላት መጠቀም የተሻለ ነው። በዚህ ውዝዋዜ የሚሳተፉት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሆነው ይወጣሉ፤ የቀሩት ከኋላ በግማሽ ክብ ቆመው ያጅባሉ። ተወዛዋዦቹ ፊታቸውን ጥቂት ወደ ግራ ሰያፍ ያደርጋሉ። አውጪዋ በግራ በኩል ከሁሉ ፊት ትቆማለች፤ ተቀባዮቹም ከኋላዋና ከቀኝዋ ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም የአውጪዋን ጀርባና ቀኝ ጎን ያያሉ። ስለዚህ የእርምጃው ክብደት በቀኝ ዳሌ፣ ምልክቱም በተለይ በቀኝ እጅ እንዲሆን ተደርጓል። ይህን የወለደው የውበት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የዓይን ነገር ነው፤ የማይታይ ምልክት ምልክት አይደለምና።

ምልክቱ ቀላል ነው። ክንድ ከፍ ይላል፣ ራስ ዘወር ይላል፣ ትከሻ አቅጣጫውን ይለውጣል። ተቀባይቱ ይህን አይታ በሚቀጥለው ምት መጀመሪያ ላይ ከአውጪዋ ጋር እኩል ትነሣለች። ስለዚህ ምልክቱ ከእርምጃው ጥቂት መቅደም አለበት፤ የዘገየ እንደ ሆነ ኅብረቱ ይፈርሳል። እርምጃዎቹም በአራትና በስምንት ምት የተለኩት ሁሉም የሚነሣበትን ጊዜ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። በፈጣኑ ዜማ በአውራ ጣትና በመካከለኛው ጣት ላይ የሚታሰሩትን ትንንሽ የናስ ሰሐኖች፣ «ዚል» የሚሏቸውን፣ እያንቃጨሉ ይወዛወዛሉ፤ በዝግተኛው ዜማ ግን ዚሉ ጸጥ ይላል፣ ክንድና ወገብ ብቻ ይናገራሉ። አውጪዋ ብትሳሳት ተቀባዮቹ ስሕተቱን ራሱን ይከተላሉ እንጂ አያርሟትም። ከአንዲቱ ጋር ሦስቱም የተሳሳቱ እንደ ሆነ ተመልካቹ ሥርዐት ነው ይላልና።

አውጪነቱ ግን ለአንዲቱ አይጸናም። አንዳንድ ጊዜ አውጪዋ ወደ ኋላ ትሸሽና ሌላይቱ ወደ ፊት ትወጣለች። አንዳንድ ጊዜም ሁሉም ፊት ለፊት ተያይተው ክብ ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ ሥልጣኑ ክፍት ነው፣ ክቡ ሲፈታ በአውጪዋ ሥፍራ የተገኘችው ትይዘዋለች። እኔ በካሊፎርኒያ ተማሪ በነበርሁ ጊዜ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ተቀምጬ፣ አውጪነቱ ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ለማወቅ በወረቀት ላይ ምልክት እያደረግሁ ለመከታተል ሞክሬ ነበር። ሦስተኛው ዜማ ሳያልቅ ወረቀቱን አጠፍሁት። በኋላ አንዲት ተወዛዋዥ፣ መመልከት የነበረብኝ ሴቶቹን ሳይሆን ሥፍራውን እንደ ነበረ አስረዳችኝ። በእኛ ማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ሥፍራቸውን የሚይዙት በማዕረጋቸው ነው። እዚህ ግን ማዕረጉን የሚሰጠው ሥፍራው ነው፤ እርሱም ለጥቂት ደቂቃ።

ይህ ሥርዐት «የአሜሪካ ትራይባል ስታይል» ተብሎ በማስተማሪያ ቪዲዮና በአስተማሪዎች ጉዞ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። በልዩ ልዩ ከተማ የተማሩ፣ ተያይተው የማያውቁ ሴቶች በተገናኙበት ቀን አብረው መወዛወዝ ቻሉ። ይሁን እንጂ «ትራይባል» የሚለውን ቃል ከአፍሪካ የመጣ አንባቢ ያለ ቅሬታ አያነበውም፤ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የእኛን አህጉር ጭፈራ ሁሉ የአንዱን ሕዝብ ከሌላው ሳይለዩ በዚሁ ቃል ሲጠሩት ኖረዋልና። የህንዱ ሸሚዝ፣ የመካከለኛው እስያ ብርና የሰሜን አፍሪካ ጌጥ በአንድ ላይ ቢለበሱ ነገድ አይሆኑም። በእኔ አስተያየት፣ ከዚህ ሁሉ የእነዚህ ሴቶች የራሳቸው ሥራ ሊባል የሚገባው ያ ማንም ያላስተዋለው የምልክት ሥርዐት ነው። ልብሱ ተውሶ ነው፤ እርሱን ግን ከማንም አልተዋሱትም።

ክርክሩ በባለቤቶቹም መካከል ተነሥቶ፣ ወይዘሮ ካሮሊና በ2020 የቀድሞውን ስም ትተው በቡድናቸው የስም መነሻ ፊደሎች «ኤፍ ሲ ቢ ዲ ስታይል» እንዲባል አደረጉ። የራሳቸውን እርምጃ እየጨመሩ ከመጀመሪያው ሥርዐት የራቁ ቡድኖችም ቀድሞውኑ ሌላ ስም ይዘው ነበር። ከእነርሱ ጋር የሚገናኝ ተወዛዋዥ አውጪውና ተቀባዩ እንደ ቀድሞው ሆነው ያገኛቸዋል፤ አዲሶቹን ምልክቶች ግን እንደ ገና መማር አለበት።