የነገደ ወይጦ ጥንታዊ ቋንቋና የተናጋሪዎቹ ተወላጆች

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። አባቶቻቸው ይናገሩበት ከነበረው ጥንታዊ ቋንቋ አንድም ሙሉ ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ አልቀረም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ወይጦዎች በሀገሪቱ ከሚነገሩት ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ገልጿል። ይህንኑ ለማጣራት በንጉሡ ትእዛዝ ሁለት ሰዎች አስጠርቶ ቢጠይቅም፣ ሰዎቹ በስቅላት ሲያስፈራሯቸው እንኳ መልስ አልሰጡም። በሞት እየተዛተበት የሚመረመር ሰው ስለ ቋንቋው የሚያወጋበት ምክንያት አልነበረውምና፣ ለማስረጃው መታጣት ጠያቂዎቹም ከተጠያቂነት አያመልጡም።

ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮህ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣው ጽሑፍ ወይጦዎች በሙሉ አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸውን አመለከተ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ሲዘፍን ሰምቷል፤ ዘፋኙ ግን ከጥቂት የጉማሬ ብልቶች ስም በቀር የዘፈኑን ትርጉም አያውቅም ነበር። ግሪዮል ከሰበሰባቸው ብዙ ቃላት ውስጥ፣ ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1939 ምንጫቸው የማይታወቅ ብሎ የለያቸው 6 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሽልክሪት የዓሣ ቅርፊት፣ ዋዝምስ የጉማሬ አከርካሪ፣ ችግምቢት ትንኝ ማለት ነው። ከትንኝ ስም በስተቀር 6ቱም የአካል ክፍል ስሞች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ቋንቋው ከቤት ከወጣ በኋላ ብልት በሚከፋፈልበት ስፍራ ጥቂት ሳይሰነብት አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1965 ፍሬድሪክ ጋምስት በአደንና በዓሣ ማጥመድ ሥራ ላይ እንኳ አንድም ቃል አላገኘም። በ6 ቃላት ብቻ የቋንቋውን ዘር መወሰን ስለማይቻል፣ ኩሻዊ ነው ወይም ሌላ ነው የሚባለው ሁሉ መላ ምት ነው።

የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ይጸየፋቸው ነበር። እነርሱ ራሳቸው ሙስሊሞች ነን ቢሉም በማዕድም በጋብቻም ተገለሉ። በተገለሉበት መጠን ቋንቋቸው ይጠበቃል ተብሎ ሊገመት ይችል ነበር፤ ሆኖም ዓሣቸውንና የደንገል ታንኳቸውን የሚገዛቸው ይኸው ጎረቤት ስለ ነበረ ገበያው አማርኛን አስገደዳቸው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል። የወይጦ ልጅ አፍ መፍቻው አማርኛ በመሆኑ በዕቅድ መዝገብ ላይ ጉድለት አይታይበትም። የጎደለው ግን የቋንቋ ሳይሆን አብሮት በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን የሚያየው መምህሩ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ሽማግሌዎች ልኮ የደንገል አቆራረጥንና የታንኳ አሠራርን ቢያስጠይቅ፣ የሚመለሱለት ቃላት የጠፋው ቋንቋ ሳይሆኑ የዛሬው የወይጦ አማርኛ ይሆናሉ፤ እርሱም ቢሆን መዝጋቢ ይሻል።