ጋራዥ የወለደው፣ ጋራዥ ያኖረው

ስኖውሞቢል በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ነው። ከፊቱ በመሪ የሚታዘዙ ሁለት መንሸራተቻዎች አሉት፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ እንደ ዶዘር ሰንሰለት እየተሽከረከረ ወደፊት የሚገፋው ሰፊ የጎማ ሰንሰለት አለ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት አሮጌ ስኖውሞቢሎች በካናዳዋ ኩቤክ፣ በአሜሪካም በዊስኮንሲንና ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ ዛሬም በየቤቱ ጋራዥ ይፈታሉ፣ ይጠገናሉ፣ በረዶው ሲወርድም ተነስተው ይሄዳሉ። ይህን የሚያይ ሰው ጊዜ የተረፈው ሰው መዝናኛ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። የእኔ ሙግት ግን የቤት ጥገና የዚህ ሞተር ታሪክ ግንዱ ነው የሚል ነው። ስኖውሞቢል የተፀነሰው በመንደር ሠራተኛ እጅ ነው፤ የተሠራውም የመንደር ሰው ሊፈታው በሚችል መልክ ነው፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሲዘጉም ከሞት ያተረፈው ያው የቤት ጋራዥ ነው።

ማስረጃው ከውልደቱ ይጀምራል። የዊስኮንሲኗ ሴይነር ነዋሪ ካርል ኤሊያሰን እግሩ ጤነኛ ስላልነበር በበረዶ ላይ ከአደን ጓደኞቹ እኩል መራመድ አልቻለም። ስለዚህ በ1924 አንድ ረጅም የእንጨት መንሸራተቻ ወስዶ 2.5 የፈረስ ጉልበት ያለው የጀልባ ሞተር ገጠመበት፤ ከብስክሌትና ከፎርድ ሞዴል ቲ መኪና የተፈቱ ዕቃዎችንም ጨመረበት፤ በ1927 የፈጠራ መብቱን አስከበረ። በኩቤኳ ቫልኩር ደግሞ ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ በ1922፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ የሞዴል ቲ ሞተር በመንሸራተቻ ላይ አስሮ እንደ አውሮፕላን በፕሮፔለር እንዲገፋ አደረገው፤ አባቱ አደጋውን አይቶ አፍርሰው አለው። ልጁ በ1926 የራሱን ጋራዥ ከፍቶ የአገሬውን መኪና እየጠገነ ሙከራውን ቀጠለ። በ1934 ሕፃን ልጁ በትርፍ አንጀት ታመመ፤ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው አልቻለም፤ ልጁም ሞተ። ከ3 ዓመት በኋላ ቦምባርዲዬ በጎማ የተለበጠ ጥርስ ያለው መዘውርና ሰንሰለት ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በዚያው ሥልት የሚሄዱት የበረዶ አውቶቡሶቹ ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ ያመላልሱ ጀመር። በሚኒሶታዋ ሮዞ፣ በኋላ ፖላሪስ የተባለውን ኩባንያ ያቆሙት የእርሻ መሣሪያ ሠሪዎች በ1950ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያውን ሞተራቸውን ሲገጣጥሙ ሰንሰለቱን ከእህል ማጓጓዣ፣ መንሸራተቻውን ከሼቭሮሌት መኪና መከላከያ ብረት ነበር ያወጡት። ሦስቱም ቦታ የሆነው ነገር አንድ ነው፤ ጥገና የለመደ እጅ ለሌላ ሥራ የተበጀውን ዕቃ አንስቶ ለበረዶ አዋለው።

ይህ ውልደት በሞተሩ ሆድ ውስጥ ዛሬም ይነበባል። አብዛኞቹ አሮጌ ስኖውሞቢሎች በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ቫልቭም ሆነ የዘይት ፓምፕ የሌለው ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ በቀደምቶቹ ላይ ለ20 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት የተለመደ ነበር። በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅለው የቲሎትሰን ካርቡሬተር ሲፈታ በውስጡ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረች፣ ከሳንቲም ብዙም የማትሰፋ ስስ ሽፋን ትገኛለች። ሞተሩ በሳበ ቁጥር እሷ እየተነፈሰች የቤንዚኑን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ዓመታት ሲያልፉ ግን ትደርቃለች። የደረቀች ሽፋን ቤንዚን ታሳንሳለች፤ ቤንዚን ሲያንስ አብሮት የሚመጣው ዘይትም ያንሳል፤ ሙቀቱ ይንርና የፒስተኑ አናት ቀልጦ ይበሳል። ፒስተኑ በሚያዞረው ዋና አልበሮ ጫፍ ያለው አየር አጋጅ የጎማ ሲል ሲሰነጠቅም አየር ገብቶ መዘዙ ያው ነው። እንግዲህ ከሽፋኗ መድረቅ የሚመጣውን ይህን ሁሉ ጥፋት የምታስቀረው በመፍቻና በጠመንጃ መፍቻ ተፈትታ የምትቀየር አንዲት ስስ ሽፋን ናት። ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የፑንቲና ክፍተትም ቢሆን 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት ባለው ስስ ቆርቆሮ ተለክቶ በእጅ ይስተካከላል። ሞተሩ እንዲህ ቀላል የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ቀደምቱ ገዢ በአብዛኛው ገበሬ፣ አዳኝ ወይም የጫካ ሠራተኛ ነበር፤ ከነጋዴው ርቆ ይኖራል፤ በብርድ መካከል ሞተሩ ቢቆምበት ለነፍሱ ያሰጋዋል። ስለዚህ ትርፍ ቺንጋና ካንዴላ ይዞ የወጣ ሰው ራሱ ሊያስነሳው የሚችል ሞተር ያስፈልገው ነበር።

ከዚያ ገበያው ፈነዳ። በ1959 የወጣው የቦምባርዲዬ ትንሹ ስኪ-ዱ በመጀመሪያው ወቅት የተሸጠው 225 ብቻ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን በሰሜን አሜሪካ ከ100 በላይ አምራቾች ተፈልፍለው በአንድ ዓመት ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ሞተር ይሸጥ ነበር። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስና በረዶ የራቃቸው ዓመታት ሲደራረቡ አምራቾቹ አንድ በአንድ ወደቁ። አርክቲክ ካት የተባለውን ስኖውሞቢል የሚሠራው ኩባንያ እንኳ በ1981 ከስሮ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው ዳግም የተቋቋመው። ፋብሪካው ሲዘጋ መለዋወጫውም አብሮ ይነጥፋል፤ ሞተሩ ግን በገዢው ደጅ ቆሞ ቀረ። ያዳነው አንድ እውቀት ነው። የተለያየ ስም ያላቸው ብዙ ሞዴሎች የኦስትሪያን ሮታክስ፣ የጀርመን ሳክስን የመሰሉ ጥቂት ሞተሮችን ይጋሩ ስለነበር፣ የሞተው ለቆመው መለዋወጫ ሆነ። የትኛው ዕቃ ለየትኛው እንደሚገጥም ለይተው የያዙት የቤት ጠጋኞቹ ናቸው።

ያለ ፋብሪካ ግን ይህ ሁሉ የመንደር ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው፤ ቀላሉ ሞተርና ወጥ የጎማ ሰንሰለቱ በብዛት ባይመረቱ ኖሮ ስኖውሞቢል ከጥቂት ሰው እጅ አይወጣም ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው ያባዛው ጋራዡ የመለሰውን ጥያቄ ነው፤ ቫልኩር ላይ የቦምባርዲዬ ጋራዥ ዛሬ በሙዚየም ውስጥ ተጠብቆ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የጭሱ ነው። አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከቤንዚኑ ሩቡን ያህል ሳያቃጥል ይተፋል፤ ጩኸቱም የዱር እንስሳን ያውካል። ይህን መካድ አይገባም፤ በየቀኑ ለሥራና ለሽርሽር የሚነዳ ሰው አዲሱን ቢነዳ ይሻላል፤ ጥብቅ ደንም የአሮጌዎቹ ቦታ አይደለም። ለታሪኩ ሲባል የተያዘ ሞተር ግን በዓመት ጥቂት ሰዓት ቢሠራ ነው፤ ካርቡሬተሩ በወጉ የተስተካከለለትም ካልተስተካከለለት ያነሰ ያጨሳል። ሦስተኛው፣ ፒስተኑም ሲሉም ሽፋኑም ከተቀየረ አሮጌነቱ የቱ ላይ ነው የሚለው ነው። መልሱ ከውልደቱ ይገኛል። ኤሊያሰንም ሆነ ቦምባርዲዬ የጀመሩት ከሌላ መኪና በተፈታ ዕቃ ነው፤ ዕቃ መቀየር ከመነሻው የዚህ ሞተር ጠባይ ነበር።

ለዚህም ነው የቤት ጥገናው መጠበቅ ያለበት ቅርስ የሚሆነው። በመስታወት ውስጥ የቆመ ሞተር ቀለሙንና ቅርጹን ያሳያል፤ ሽፋኗ ስትደርቅ ፒስተኑ ለምን እንደሚበሳ ግን አይናገርም። ያንን የሚያውቀው ፈትቶ የገጠመው ነው፤ እውቀቱም የሚተላለፈው አጠገቡ ቆሞ መፍቻ ለሚያቀብለው ልጅ ነው። በረዶ መንገድ በዘጋባቸው መንደሮች ሰዎች የመውጫ መንገድ ያበጁት በዚህ ዓይነት እጅ ነው፤ ያ እጅ ሥራ ከፈታ ሞተሩ ቢኖርም ታሪኩ አይነሳም።