የኮድ ቃለ መጠይቅ

የኮድ ቃለ መጠይቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሶፍትዌር መሐንዲስ ለመቅጠር የሚጠቀሙበት የፈተና ዓይነት ነው። አመልካቹ አንድ የስሌት ችግር ይሰጠውና በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ፣ ፈታኙ እያየው፣ መፍትሔውን በኮድ ይጽፋል። ኮዱ ቀድሞ በነጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር፤ በተለይ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ፈተናውን በቪዲዮ ጥሪ ማካሄድ ተለምዷል።

ታሪክ

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት «የመንገድ ጉድጓድ ክዳን ለምን ክብ ሆነ?» በመሳሰሉ እንቆቅልሾች ይታወቅ ነበር። ጉግልም እንቆቅልሽ ሲጠይቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የሰው ኃይል ኃላፊው ላዝሎ ቦክ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ስለ ሠራተኛው የወደፊት ብቃት ምንም እንደማይናገሩ ለኒው ዮርክ ታይምስ ገለጸ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኢምራን ጎሪ የተባለ ፕሮግራመር «ፊዝባዝ» የተባለውን የልጆች የቁጥር ጨዋታ ለመለያ ፈተናነት አቀረበ፦ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች አትም፤ ለ3 የሚካፈለውን በ«ፊዝ»፣ ለ5 የሚካፈለውን በ«ባዝ»፣ ለሁለቱም የሚካፈለውን በ«ፊዝባዝ» ተካ። ጥያቄው የቀለለው ሆን ተብሎ ነው፤ ጨርሶ ኮድ መጻፍ የማይችለውን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል።

የጥያቄዎቹ ባሕርይ

በአሁኑ ጊዜ የተለመዱት ጥያቄዎች በዳታ አወቃቀርና በአልጎሪዝም ላይ ያተኩራሉ። ሊትኮድ በተባለው የመለማመጃ ድረ ገጽ ቁጥር 1 የሆነው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በዝርዝር ውስጥ ካሉ ቁጥሮች ድምራቸው ከተሰጠው ቁጥር ጋር እኩል የሚሆኑ ሁለቱን ፈልግ። ዝርዝሩ 2፣ 7፣ 11፣ 15 ቢሆንና ድምሩ 9 ቢባል መልሱ 2 እና 7 ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ እያንዳንዱን ጥንድ መደመር ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም 1,000 ቁጥሮች ላሉት ዝርዝር እስከ 499,500 ጥንዶችን ማየት ይጠይቃል። የተሻለው መንገድ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ነው፦ 7 ላይ ሲደረስ የጎደለው 2 ስለሆነ፣ 2 ቀደም ብሎ ታይቶ እንደሆነ በሐሽ ሰንጠረዥ ይፈተሻል። በዚህ መንገድ 1,000 ያህል እርምጃ ይበቃል፤ የታዩትን ቁጥሮች ለመያዝ ግን ተጨማሪ የማስታወሻ ቦታ ያስፈልጋል።

ፈታኙ ይህ ልዩነት እንዲብራራለት ይጠብቃል። ዝም ብሎ ትክክለኛ ኮድ የጻፈ አመልካች፣ እያሰበ ከሚናገርና ያልገባውን ከሚጠይቅ አመልካች ያነሰ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ በጽሑፍ ፈተና ላደገ ተማሪ እንግዳ ነገር ነው።

በትልልቅ ኩባንያዎች አመልካቹ በአንድ የስልክ ወይም የቪዲዮ ፈተና ካለፈ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ያህል የሚወስዱ ብዙ ቃለ መጠይቆች ይጠብቁታል። ልምድ ላለው ሰው የሥርዓት ንድፍ ጥያቄ ይጨመራል።

ትችት

ዋናው ትችት ፈተናው ሥራውን አይመስልም የሚል ነው። የሶፍትዌር መሐንዲስ አብዛኛውን ቀን ሌሎች የጻፉትን ኮድ ያነባል፣ ስህተት ፈልጎ ያርማል፣ የባልደረቦቹን ለውጥ ይገመግማል፤ ኢንተርኔት ማየትም አይከለከልም። ሆምብሩ የተባለውን ታዋቂ የማክ ሶፍትዌር የሠራው ማክስ ሃውል እ.ኤ.አ. በ2015 ጉግል እንዳልቀጠረው፣ ምክንያቱም ባይነሪ ትሪን በነጭ ሰሌዳ ላይ መገልበጥ አለመቻሉ እንደሆነ በትዊተር ጽፎ ሰፊ ክርክር አስነሣ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ሰጡ። አንዱ ቡድን በፈታኝ ፊት እየተናገረ፣ ሌላው ለብቻው ክፍል ውስጥ ሠራ። በፈታኝ ፊት የሠሩት ውጤት ከግማሽ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሴቶቹ በፈታኝ ፊት ሲሠሩ ሁሉም ወደቁ፣ ለብቻቸው ሲሠሩ ሁሉም አለፉ። የሴቶቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፈተናው ከችሎታ ይልቅ ጭንቀትን ሊለካ እንደሚችል ግን ያመለክታል።

በኢትዮጵያ

የቀድሞው የጉግል መሐንዲስ ኤምሬ ቫሮል እ.ኤ.አ. በ2019 የመሠረተው «አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ» የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና በነፃ ያዘጋጃል፤ ጉግልን ጨምሮ በውጭ ኩባንያዎች የተቀጠሩ ተማሪዎችም አሉት። ተማሪዎቹ ችግሮችን ከመፍታት ባሻገር የልምምድ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። እያሰቡ መናገር ለእነርሱ በእንግሊዝኛ፣ ማለትም ለብዙዎቹ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ፣ እያሰቡ መናገር ነው።