የሱሉልታ አየርና የድስት ክዳን

ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንጦጦን በመሻገር ወደ ጎጃም የሚሄደው መንገድ ቁልቁል ሲወርድ የሚያገኘው ሱሉልታን ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች፤ ለብዙዎቻችን ግን ስሟ ሲነሳ ትዝ የሚለን ሜዳዋ፣ ወተቷና ብርዷ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። ሯጮች ይህን ከፍታ ፈልገው ይመጣሉ። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው እዚሁ ነው፤ ከውጭ አገር ድረስ መጥተው የሚሠለጥኑበትም አሉ። የሚፈልጉት ስሱን አየር ነው፤ ሰውነት በትንሽ ኦክስጅን መሥራት ይለምድበታል።

ይኸው ስስ አየር ባቄላ ለጣደ ሰው ግን ጣጣ ነው። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ማሸነፍ ሲችል ነው። ምጽዋ ላይ አየሩ ከባድ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይጠብቃል። ሱሉልታ ላይ ጫናው ቀላል ነውና 91 ዲግሪ ገደማ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብታበዙት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሻይ ለማፍላት ይህ ችግር የለውም። ሽምብራ፣ ቦሎቄና የበሬ ሥጋ ላይ ግን ዘጠኝ ዲግሪ ሲጎድል የሰዓታት ልዩነት ያመጣል። በዓመት ግማሽ ያህሉን ቀን ጥራጥሬ በሚጾምበት አገር ደግሞ ይህ የፊዚክስ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የከሰልና የመብራት ወጪ ነው።

በዚህ ነገር ግራ የተጋባነው እኛ ብቻ አይደለንም። ቻርልስ ዳርዊን በ1835 (ይህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአንዲስን ተራሮች ሲያቋርጥ ከፍታው ላይ አደረ። ድንች ጣዱ። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ቆየ፤ ጠዋትም እንደገና ፈላ፤ ድንቹ ግን አልበሰለም። ዳርዊን ምክንያቱን ያውቅ ነበር። አብረውት የነበሩት ሁለት ሰዎች ግን ሲመክሩ ሰማቸው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ጥፋቱ የማሰሮው ነው የሚል ነበር። አዲስ ማሰሮ ስለሆነ ድንች ማብሰል አልፈለገም አሉ። ዳርዊን ይህን ታሪክ ሲጽፍ የአንድ ፈረንሳዊ ዕቃ ስም አንስቶ አልፏል፤ የእነሱ ማሰሮ የዚያ ዕቃ ተቃራኒ ሆኖ ነበርና።

ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን ነው። በ1679 ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ አንድ ወፍራም የብረት ድስት አቀረበ። ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ፣ እንፋሎት የማያወጣ ነበር። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ራሱ ውሃውን ይጫነዋል፤ ውሃው ደግሞ ከ100 ዲግሪ አልፎ ይሞቃል። አጥንት ሳይቀር ይለሰልስ ስለነበር ፓፓን ድስቱን «አላሚ» እንደማለት ባለ ስም ጠራው። ከድስቱ በላይ የሚደነቀው ግን ያከለበት ትንሽ ነገር ነው፦ ክብደት የተጫነበት ማስተንፈሻ። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ክብደቱን ወደ ላይ ገፍቶ ይወጣል። ዛሬ በፕሬዠር ኩከር ክዳን ላይ የሚንቀጠቀጠው ፊሽካ የዚያ ልጅ ነው። በ1682 የማኅበሩ አባላት በዚህ ድስት የበሰለ እራት በሉ፤ ወደዱትም። ፓፓን ሲያስተዋውቀው አጥብቆ ያነሳው አንድ ነገር ነበር፤ በጥቂት ከሰል ብዙ ማብሰል።

ይህን ነገር እንጦጦ ላይ የሚሰማው ሰው ቢኖር ምን ይል ነበር? ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ሰፈሩ፤ በ1886 ከታች፣ ፍል ውሃው አጠገብ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማዋ በአሥር ዓመት ውስጥ የዙሪያዋን እንጨት ጨረሰች። የማገዶው ችግር ስለበረታ በ1900 ምኒልክ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀመሩ። ከተማዋ የዳነችው በ1890ዎቹ አጋማሽ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ በማደጉ ነው፤ አዲስ ዓለም የተሠራው ቤተ መንግሥትም በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የማገዶውን ችግር ሁሉ በከፍታው አናሳብብም፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር፣ ግብሩም ትልቅ። ነገር ግን በ91 ዲግሪ የሚፈላ ድስት ከቆላው ድስት ይልቅ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ሰዓት ማለት ብዙ ሸክም ነው። ያንን ሸክም በጀርባቸው ከእንጦጦ ያወረዱት ሴቶች ናቸው።

የፓፓን ድስት ወደ ተራ ሰው ኩሽና ለመግባት ከ250 ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያለ ብሎን የሚዘጉ ትናንሽ ድስቶች ወጡ፤ ፕሬስቶ የሚባለው በ1939ኙ የኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ቀረበ። በ1953 የፈረንሳዩ ሴብ «ሱፐር ኮኮት»ን ሠራ፤ በ1959 ሕንድ ውስጥ ሃውኪንስ ተመሠረተ። ሕንዶች ምስርና ሽምብራ የሚበሉ ሕዝቦች ናቸውና ድስቱ እንደ ቤታቸው ልጅ ሆነላቸው፤ የሚያፏጨውም ዓይነት በብዛት የእነሱ ነው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ነው፤ አየር ሲጎድል፣ ክዳኑ ይመልሰዋል።

ችግሩ የሚመጣው ያው ድስት ሁለተኛ ሥራ ሲሰጠው ነው። ብዙ ሰው አንድ ትንሽ ፕሬዠር ኩከር ገዝቶ ለእራት ሊያበስልበትም፣ ወጥና ሥጋ በብልቃጥ አሽጎ ሊያስቀምጥበትም ያስባል። እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ይገባል።

ኒኮላ አፐር የሚባል ፈረንሳዊ ከረሜላና ጣፋጭ ሠሪ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውሃ ውስጥ በመቀቀል ለወራት እንዳይበላሽ ማድረግ ቻለ፤ በ1810 ዘዴውን በመጽሐፍ አውጥቶ ከመንግሥት 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። ለምን እንደሚሠራ ግን አላወቀም፤ ፓስተር ስለ ጀርሞች የነገረን ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው። ሳያውቁ መሥራት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በታኅሣሥ 1895 ቤልጅየም፣ ኤልዜል በምትባል መንደር፣ ቀብር ላይ የተጫወቱ ሙዚቀኞች በጨው የተቀመጠ የአሳማ ሥጋ በሉ። ብዙዎቹ ታመሙ፤ ዓይናቸው ነገሮችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያሳያቸው ጀመር፤ ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ፋን ኤርሜንገም ከሥጋው ውስጥ አየር በሌለበት የሚያድግ ባክቴሪያ አገኘ፤ ዛሬ ቦቱሊነም የምንለውን። የሚያወጣው መርዝ ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም የለውም።

በዚያው ወር የእኛ ሠራዊት በአምባላጌ በኩል ወደ አድዋ እየገሰገሰ ነበር። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። ይህን ለጉራ አላነሳሁትም፤ ዘዴው ሌላ ስለሆነ ነው። አውሮፓ ምግቡን እርጥቡን አሽጎ አየር ለመከልከል ሲሞክር፣ እኛ ጋ የተለመደው ውሃውን መንሳት ነበር። በደረቀ ቋንጣ ላይ ባክቴሪያው የሚጠጣው ውሃ የለም። በተነጠረ ቅቤ ውስጥም ውሃው ተንኖ አልቋል። ሁለተኛው መንገድ ኮምጣጣነት ነው፤ ቦቱሊነም ፒኤች ከ4.6 በታች ሲሆን አያድግም፣ እርሾ የገባበት የእንጀራ ሊጥና በደንብ የኮመጠጠ እርጎ ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳሉ። አያቶቻችን ቁጥሩን አያውቁትም፤ አፐርም አያውቀውም ነበር። ልዩነቱ የእነሱ ዘዴ ስህተት ሲገጥመው ብዙውን ጊዜ በሻጋታ ወይም በሽታ መናገሩ ነው፤ የታሸገ ብልቃጥ ግን ላይናገር ይችላል።

የዚህ ባክቴሪያ ዘር ፈልቶ አይሞትም። ሱሉልታ በ91 ዲግሪ ይቅርና፣ ምጽዋ በ100 ዲግሪም ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ለመግደል ከ116 እስከ 121 ዲግሪ ያስፈልጋል። በ1917 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኮምጣጣ ላልሆኑ ምግቦች፣ ማለትም ለሥጋ፣ ለጥራጥሬና ለብዙ አትክልት፣ አስተማማኙ ማሸጊያ በግፊት የሚቀቅለው ብቻ ነው ያለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የሱሉልታን ሂሳብ እንሥራው። 1 ባር ገደማ የሚጨምር ድስት ባሕር ዳርቻ ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል። የሱሉልታ አየር ግን ራሱ የባሕሩን ሦስት አራተኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ስለዚህ ያው ድስት እዚህ 116 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ድስቶች ደግሞ 1 ባር አይደርሱም። 0.7 ባር የሚሠራው ሱሉልታ ላይ 110 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ለማብሰል ግሩም! ሥጋ በብልቃጥ አሽጎ ጓዳ ለማስቀመጥ ግን አይበቃም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት የአትክልትና የሥጋ ሰንጠረዥም በ8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,438 ሜትር ላይ ያበቃል። ሱሉልታ ከሰንጠረዡ በላይ ናት።

የድስቱ መጠንም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለማሸግ የሚመከረው ዕቃ ቢያንስ አራት ባለ አንድ ሊትር ገደማ ብልቃጦች ቆመው የሚገቡበት ነው። ነገሩ የቦታ ብቻ አይደለም። ትልቅ ድስት ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ በሰንጠረዥ የተጻፈው ደቂቃ ይህን ሙቀት ጭምር ቆጥሮ የተሠራ ነው። ትንሽ ድስት ቶሎ ሞቆ ቶሎ ስለሚበርድ ያ ሙቀት ይጎድለዋል። ለአንድ ላጤ ወይም ለባልና ሚስት እራት የሚመች ድስት፣ በመጠኑ ምክንያት ብቻ እንኳ፣ ማሸጊያ ሊሆን አይችልም። «ሁለቱንም ይሠራል» ተብሎ ከተሸጠላችሁ፣ የሚሠራው አንዱን ነው።

ታዲያ ምን ይገዛ? ለአንድና ለሁለት ሰው 3 ሊትር ይበቃል፤ ለአራትና ለአምስት ሰው 5 ሊትር። ከዚህ አትውረዱ፤ ፕሬዠር ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም፣ አረፋ የሚያወጣ ጥራጥሬ ሲሆን ደግሞ ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ ስለዚህ የ3 ሊትሩ ድስት ለባቄላ 1.5 ሊትር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ስለ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ግፊቱ ስንት ነው፣ የክዳኑ ጎማና ማስተንፈሻው ሲያልቅ መለወጫ ይገኛል ወይ? በከፍታ ላይ 1 ባር የሚሠራው ከ0.7ቱ ይሻላል። ጎማው የማይገኝ ድስት፣ ብረቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዓመት ሳይሞላው ተራ ድስት ይሆናል። ቲማቲምና ሎሚ ለሚበዛበት ምግብ ከአሉሚኒየሙ ይልቅ የማይዝገው ብረት ይመረጣል። ማስተንፈሻውን ሁልጊዜ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፤ የባቄላ ገለባ ከደፈነው የፓፓን ብልሃት ሁሉ ከንቱ ነው። እንፋሎቱ ሳይወጣም ክዳኑን በጉልበት አትክፈቱ።

ሥራውንም ማካፈል ይቻላል። ሌሊት የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ወይም ጠንካራ ሥጋ በፕሬዠር ይቀቀል፤ ሽንኩርቱ ግን ክፍት ድስት ላይ ይቁላላ፤ ቁሌት ውሃው እየተነነ ነው የሚጣፍጠው፣ የተዘጋ ክዳን ደግሞ ውሃውን አይለቅም።

ማስቀመጥን በተመለከተ፣ ለፋሲካ ቅርጫ ገብታችሁ ሥጋው ከተረፈ፣ ፍሪዘር ያለው ያቀዝቅዝ፤ የሌለው በስሱ ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቋንጣ ይስቀል። ቲማቲም ሲረክስ ድልህ ለመሥራት ያማራችሁ፣ ቲማቲም ፒኤቹ ከ4.6 አጠገብ እንደሚዋልል አትርሱ፤ ሎሚ ጨምሩበትና ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክሮ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ደግሞ በትክክል ቦቱሊነም የሚወደው ቤት ነው፤ እሱም ፍሪጅ ገብቶ በጥቂት ቀን ይለቅ። የታሸገ ድልህ ለወራት የፈለገ ሰው ከሱቅ ይግዛ፤ ያንን ያሸገው ፋብሪካ ለሙቀቱ የተሠራ ትልቅ ዕቃ አለው። ሱሉልታ ያለው ትንሹ ድስት ግን የተሠራው ለዛሬ እራት ነው፤ እሱን ደግሞ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርሳል።