ጠገራ ብር በደብረ ታቦር ገበያ

ከጉና ተራራ ግርጌ በነበሩት ገበያዎች በሬውን የሸጠ ገበሬ የተቆጠረለትን ብር ወዲያው ወደ መቀነቱ አይከተውም ነበር። አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አገላብጦ ያያል፤ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፤ በአውራ ጣቱ የሴትዮዋን ትከሻ ይዳስሳል። ያልጣመውን ይመልሳል። በዚህ መካከል ክርክር ይነሣል፤ ሽማግሌ ይጠራል፤ አንዳንዴም ገበያው ሳይጠናቀቅ በሬው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያተረፈው ጠገራ ብር በኦስትሪያዋ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ስም የታተመው ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1780 ብትሞትም ብሩ መታተሙን አላቆመም፤ በላዩ የሰፈረው ዓመትም ከ1780 ወዲህ ተለውጦ አያውቅም። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሽራፊ ሲሆን ከሺው እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። በአንድ ፊቱ የመበለት ሻሽ የተከናነበችው ንግሥት፣ ከሥሯም ኤስ እና ኤፍ የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ፊደላቱ ጉንትስቡርግ በተባለችው ከተማ የነበሩት የሁለት የገንዘብ ማተሚያ ሹማምንት የስም መነሻዎች ናቸው። በሌላው ፊት ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ቃል ተቀርጾበታል። የበጌምድር ገባር ይህን ቃል ሊያነበው አይችልም ነበር፤ ቢያነበውም ከባላባቱ ዘንድ ያላገኘውን ነገር በብር ጠርዝ ላይ ማየቱ ሳያስገርመው አይቀርም።

ብሩ ወደዚህ ደጋ የገባው በቀይ ባሕር ንግድ ነው። ከጎጃም የባሶ ገበያ የተነሣው ቅፍለት በበጌምድር አልፎ፣ ጎንደርን ነክቶ እስከ ምጽዋ ሲወርድ ይፋግና ደሪጣ ዋነኞቹ ማረፊያዎች ነበሩ። የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴዎች በንግዱ ስማቸው የታወቀ ነበር። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላም የየጁ መሳፍንት ቤተ መንግሥት፣ ኬላውና ሠራዊቱ ብር የሚስቡ አፎች ሆኑ። የዕለት ተዕለቱ ግብይት ግን በአሞሌ ጨው፣ በእህልና በሸማ ይካሄድ ነበርና ጠገራ ብር የከብት፣ የጠመንጃ፣ የግብርና የእጅ መንሻ ገንዘብ ሆኖ ኖረ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ያገራችንን ገበያ ያዩ አውሮፓውያን መንገደኞች የሻጩን አመራረጥ በፈገግታ ይጽፉታል። በዘውዱ ላይ ያሉት ሉሎች፣ በትከሻዋ ላይ ያለው የካባ ማያያዣ፣ ከሥር ያሉት ፊደላት ጎልተው ካልታዩ ብሩ ይጣላል፤ ይህም የአላዋቂ ልማድ ተደርጎ ተቆጠረ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለብሩ ጥራት ዋስ የሚሆን መንግሥት በአካባቢው ባልነበረበት ጊዜ የገበሬው ብቸኛ ዋስ ምስሉ ነበር። ሉሎቹ ከተፋቁ ብሩ አልቋል፣ ክብደቱም ቀንሷል ማለት ነው። ፊደሉ ከተበላሸ ወይ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ ነገ የሚቀበለው ያጣል። ለነጋዴው አንድ የተመለሰ ብር ኪሳራ ነው፤ ለገባሩ ግን ለግብር ያስቀመጠው በሬ ነው።

የዛሬ ሊቃውንት የሚሠሩት ሥራ ከዚያ ገበሬ ሥራ ብዙም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1780 ዓመት ስም ብሩ በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላኖና በቬኔዚያ፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመትም በሮማ፣ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ታትሟል። ዓመቱ አንድ ስለሆነ የቱ ከየት እንደመጣ የሚለየው በማተሚያው ቅርጽ ጥቃቅን ልዩነት ብቻ ነው፦ በንስሩ ጅራት ላባዎች፣ በማያያዣው ሉሎች፣ በጠርዙ ጌጥ። እንግሊዛዊው ብሩም እ.ኤ.አ. በ1972፣ ኦስትሪያዊው ዋልተር ሃፍነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ልዩነት አጥንተው አሳትመዋል።

የገበያው ዓይን ምን ያህል ስለታም እንደነበረ ጣሊያኖች በገዛ ገንዘባቸው ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ቅኝ ግዛታቸው ማርያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ያለችበት ብር አሳተሙ። ብሩ ጥሩ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሌላ ነበረችና ሕዝቡ ፊቱን አዞረበት። የአፄ ምኒልክ ብር ዕጣም ቀላል አልነበረም። በፓሪስ የታተመው ይህ ብር በክብደት ከጠገራው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ከአዲስ አበባ በራቁት አገሮች ተቀባይነቱ አዝጋሚ ነበር። በእርሱም ላይ ለሰብሳቢዎች የሚሆን መለያ አለ፤ የ1887 እና የ1889 ዓ.ም. አንበሳ የግራ የፊት እግሩን ሲያነሣ የ1892ቱ ቀኙን ያነሣል።

ብሩ ከጦርነትም አልተለየም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴቫስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ የናፒየር ጦር ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍለውን ጠገራ ብር ቪየና እያሳተመ ነበር። ፋሺስት ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮማ ላይ ማተም ጀመረ፤ አገሪቱን ከያዘ በኋላ ሊሬን በግድ ሊያስለምድ ቢሞክርም የባላገሩ ገበያ በጠገራው ጸና። በ1933 ዓ.ም. ለአርበኞች ድጋፍ ከሱዳን በግመል የገባው ብርም ይኸው ነበር፤ በቦምቤይ የታተመው የእነዚያ ዓመታት ነው።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ብር ከሕጋዊ ገንዘብነቱ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ብዙው ያለፈው በአንጥረኛ እጅ ነው። ከአንጥረኛው ወናፍ ፊት የቪየናውና የሮማው፣ የለንደኑና የቦምቤዩ በአንድ ማቅለጫ ገብተው የአንገት መስቀል፣ አልቦና የጆሮ ጉትቻ ሆነዋል። ሳይቀልጥ የተረፈውም አንዳንዱ በጫፉ ቀለበት ተበጅቶለት በሴቶች አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀለበቱ የተበየደውም ብዙ ጊዜ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ነው።