የካሜራ ዕይታ ቅያሬ
በአንድ የቪዲዮ ጌም ውስጥ ካሜራው ከገጸ ባሕርይ ዓይን ወጥቶ ከውጭ የሚያሳይበት፣ መልሶም የሚገባበት አሠራር ነው። «ሜትሮይድ ፕራይም»ን የሚያህል ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። የቴክሳሱ ሬትሮ ስቱዲዮስ ሠርቶት በ2002 እ.ኤ.አ. በኒንቴንዶ ጌምኪውብ ወጣ። ተጫዋቹ ዓለሙን የሚያየው በዋና ገጸ ባሕርይዋ በሳሙስ አራን የራስ ቁር መስታወት በኩል ነው፤ አጠገቧ ፍንዳታ ቦግ ሲል የገዛ ፊቷ በመስታወቱ ላይ ብልጭ ይላል። በጠባብ ቀዳዳ ለመሹለክ ወደ ኳስ ስትለወጥ ግን ካሜራው ወጥቶ ከኋላ ይከተላታል። ተገቢ ነው፤ ከሚሽከረከር ኳስ ውስጥ ማየት ራስ ያዞራል። ከኳስነት ወጥታ ስትቆም ካሜራው ተመልሶ ቁሩ ውስጥ ይገባል። እዚህ ቅያሬው የሚመጣው ከእንቅስቃሴዋ ጋር ነው፤ በ«ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. እትም ወዲህ ተጫዋቹ ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ይቀይረዋል።